ያረጀ የጓሮ የእንጨት በረንዳን በራስ እጅ ማደስ፦ ከመሠረቱ እስከ ቅባቱ

ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት የኖረ የጓሮ የእንጨት በረንዳ መልኩ ገርጥቶ፣ ጣውላው ተሰነጣጥቆና የሚስማሩ ራስ ብቅ ብቅ ብሎ ሲታይ፣ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው ቀለም ስለ መግዛት ነው። ቀለም ግን የሥራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። የእንጨት በረንዳ ዕድሜው የሚያጥረው ውሃ ገብቶ መውጫ በሚያጣባቸው ጥቂት ቦታዎች ምክንያት ሲሆን፣ እነዚህ ቦታዎች በአብዛኛው ከጣውላው ሥር ወይም ሁለት እንጨቶች በሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ስለሚገኙ ከላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው አይታዩም። ስለዚህ እድሳቱ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ተሸካሚው አካል ይመረመራል፣ ቀጥሎ የተጎዳው ይጠገናል፣ ከዚያ ጣውላው ይስተካከላል፣ በመጨረሻም ወለሉ ታጥቦና ለስልሶ ይቀባል። ይህን ቅደም ተከተል ማዛባት ገንዘብና ጉልበት ማባከን ብቻ አይደለም፤ የበሰበሰ እንጨትን በሚያምር ቀለም ሸፍኖ ቤተሰብንና እንግዳን በላዩ ማስቀመጥ በሰው ሕይወት ላይ መወሰን ነው።

ግልጽ እንዲሆን የበረንዳውን ክፍሎች በዚህ ጽሑፍ እንደሚከተለው እንጠራቸዋለን። መሬት ውስጥ ከተቀበረው አርማታ ላይ የሚቆመው ቋሚ ነው፤ በቋሚዎቹ አናት ላይ የሚጋደመው ወፍራም እንጨት ዋና አግዳሚ ነው፤ በቤቱ ግድግዳ ላይ የታሰረው ደግሞ የግድግዳ አግዳሚ ይባላል። ከግድግዳ አግዳሚው ተነሥተው ወደ ዋናው አግዳሚ በተርታ የሚዘረጉት ተሸካሚዎች ሲሆኑ፣ የምንረግጠው ጣውላ የሚታሰረው በእነዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ መለየት አለበት። ግራጫ መልክ የመበስበስ ምልክት አይደለም። የፀሐይ ብርሃን የእንጨቱን ቃጫዎች አጣብቆ የያዘውን ንጥረ ነገር ይሰባብራል፣ ዝናብም አጥቦ ይወስደዋል፤ የሚቀረው ግራጫ ሽፋን እጅግ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው እንጨት ሙሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መበስበስ ግን የፈንገስ ሥራ ነው። ፈንገሱ የሚያድገው እንጨቱ እርጥበት ሲይዝ ሲሆን፣ በእንጨቱ ውስጥ ያለው የእርጥበት መጠን ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ መበስበስ አይጀምርም። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ፣ ስለ ብሎን ሲባልም ሆነ ስለ ክፍተትና ስለ ቅባት፣ እንጨቱ ዝናብ ሲነካው ቶሎ እንዲደርቅ ለማድረግ የታሰበ ነው።

ምርመራው

ለምርመራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ወስፌ ወይም ሹል ካቻቪቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ ልክ፣ ጠመኔና ማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። ዝናብ ከጣለ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ያለውን ጊዜ መምረጥ ጠቃሚ ነው፤ ሌላው ቦታ ደርቆ ሳለ ጠቁሮና ረጥቦ የቀረው ቦታ ውሃ የሚያቁር በመሆኑ ራሱን ያጋልጣል። ከበረንዳው ሥር ከመግባት በፊት የተርብ ቤት፣ እባብ ወይም ሌላ እንስሳ አለመኖሩንና የኤሌክትሪክ ገመድ በዚያ አለማለፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ወስፌውን በአንድ ጤነኛ መሆኑ በሚታወቅ ቦታ ላይ መጀመሪያ ሰክቶ ማየት እጅን ያሠለጥናል። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን አጥብቆ ይቋቋማል፤ ወደ ጎን ሲፈነቀልም ረጅም ስንጥር ሆኖ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ እያሰማ ይነሣል። የበሰበሰው ግን ወስፌውን ያለ ብዙ ግፊት ያስገባል፤ ሲፈነቀል ድምፁ የታፈነ ነው፣ የሚነሣውም ስንጥር አጥር ብሎ በቃጫው አቅጣጫ ሳይሆን አግድም እየተቆረሰ በጣት መካከል ይደቃል። ወስፌው ያለ ጉልበት ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ማድረግና በደብተር ላይ መመዝገብ ይገባል።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ የሚፈተሸው የግድግዳ አግዳሚው ነው፤ ለዚህ ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ጊዜ እንዲሰጥ አጥብቄ እመክራለሁ። በረንዳ ሰው በብዛት ቆሞበት ሳለ ሲደረመስ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ መጋጠሚያ ነው። ምክንያቶቹም ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ በአግዳሚውና በግድግዳው መካከል የሚንቆረቆረው ውሃ ከዓመት ዓመት ሳይደርቅ መቆየቱ ነው። ሁለተኛው፣ አግዳሚው በሚስማር ብቻ መመታቱ ነው፤ ሚስማር ወደ ታች የሚጫነውን ክብደት ለጊዜው ቢችልም ወደ ውጭ የሚጎትተውን ኃይል የመቋቋም አቅሙ ደካማ ስለሆነ፣ በረንዳው በተወዛወዘ ቁጥር ጥቂት በጥቂት እየተነቀለ ይሄዳል። አግዳሚው ከግድግዳው ጋር የተያያዘው በብሎን መሆኑን፣ ብሎኑም አለመዛጉንና አለመላላቱን፣ ከአግዳሚው በላይም ውሃውን ወደ ውጭ የሚመልስ ላሜራ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ የቋሚዎቹ ግርጌ ይፈተሻል፤ ቋሚው በቀጥታ አፈር ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ታች ቆፍሮ ከአፈሩ ወለል በታች ያለውን ክፍል መውጋት ያስፈልጋል፤ ከላይ ደህና መስሎ ከሥር ያለቀ ቋሚ ብዙ ነው። የተሸካሚዎቹ የላይኛው ጠርዝ፣ በተለይም ሚስማሩ የገባበት አካባቢ፣ የጣውላዎቹ ጫፎች፣ በበረንዳው ጠርዝ ያለው የእጅ መደገፊያ ቋሚዎች ሥርና የደረጃው የጎን እንጨቶች መሬት የሚነኩበት ቦታ ቀጥለው ይታያሉ። ምስጥ ባለበት አካባቢ በቋሚዎቹና በመሠረቱ ላይ የሚወጣ የጭቃ መስመር ካለ፣ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ምስጡ መወገድ አለበት። በመጨረሻ መካከሉ ላይ ቆሞ ወደ ጎን መወዛወዝ፣ መደገፊያውንም በሙሉ ክብደት ገፋ ማድረግ ነው፤ እንቅስቃሴው ዓይን የሚያየው ከሆነ የሚጠገን ነገር አለ።

ምርመራው ሲያበቃ ውሳኔ ይመጣል። ጉዳቱ ጣውላውንና ጥቂት ተሸካሚዎችን ብቻ የነካ ከሆነ ሥራው በትጉህ ባለቤት እጅ ያልቃል። የግድግዳ አግዳሚው ከበሰበሰ፣ መሠረቱ ከሰመጠ ወይም በረንዳው ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ቢያንስ ለዚያ ክፍል የሕንፃ ባለሙያ ማማከር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተሸካሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ተጎድተው ከተገኙ ደግሞ መጠጋገኑን ትቶ አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ብዙውን ጊዜ ይቀላል፤ ጤነኛውን ጣውላ ግን መልሶ መጠቀም ይቻላል።

ከአሮጌ እንጨትና ቀለም የሚመጣ አደጋ

የቆየ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። በአሜሪካ ለቤት የሚውል የእርሳስ ቀለም የተከለከለው በ1978 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ በሌሎች አገሮች ከዚያ ቀደም ብሎም ሆነ ዘግይቶ ተከልክሏል። የበረንዳው ዕድሜ ወይም የቀለሙ ዓይነት ካልታወቀ፣ በገበያ በሚገኘው መመርመሪያ ሳይፈትሹ በደረቁ መፋቅ ወይም በማሽን ማለስለስ አይገባም፤ አቧራው በተለይ ለሕፃናት እጅግ ጎጂ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አርሴኒክ የተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ነው። ለረጅም ዘመን ለውጭ የሚሠራ እንጨት እንዳይበሰብስ የሚነከርበት መድኃኒት መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት ነበር፤ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን እንጨት በዚህ መነከሩ የቆመው በ2003 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራና አረንጓዴማ መልክ የነበረው እንጨት ሲቆረጥም ሆነ ሲለሰልስ መነጽር፣ ጓንትና ጥሩ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ማድረግ፣ ፍርፋሪውንም ሸራ ዘርግቶ መሰብሰብ ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነት እንጨት ቁራጭ በምድጃም ሆነ በጓሮ ፈጽሞ አይቃጠልም፤ አርሴኒኩ ከጭሱና ከአመዱ ጋር ይወጣል።

ተሸካሚውን አካል መጠገን

የግድግዳ አግዳሚው ጤነኛ ሆኖ የታሰረው በሚስማር ብቻ ከሆነ፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ በቀለጠ ዚንክ የተለበጠ ወይም የማይዝግ ብሎን በሮንዴላ መጨመር ይቻላል። ብሎኖቹ በአንድ መስመር ሳይሆን አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ ይደረደራሉ፤ በአንድ መስመር ከተደረደሩ እንጨቱ በዚያው መስመር ሊሰነጠቅ ይችላል። ብሎኑ የሚይዘው የቤቱን ተሸካሚ እንጨት ወይም ጠንካራ አርማታ መሆን አለበት፤ ልስን ወይም ለጌጥ የተለጠፈ ጡብ ክብደት አይሸከምም። ከላይ የሚደረገው ላሜራ አንዱ ጎኑ ከግድግዳው ሽፋን ሥር ገብቶ ሌላው ጎኑ በአግዳሚው ላይ አጎንብሶ መውረድ አለበት። በመዳብ መድኃኒት በተነከረ እንጨት ላይ የአሉሚኒየም ላሜራ ማድረግ አይገባም፤ መዳቡ አሉሚኒየምን ይበላዋል።

ግርጌው የበሰበሰ ቋሚ ሲለወጥ ከአጠገቡ ጠንካራ ጣውላ መሬት ላይ አንጥፎ በላዩ ክሪክ ማስቀመጥ፣ በክሪኩና በዋናው አግዳሚ መካከልም ቀጥ ያለ ወፍራም እንጨት ማቆም ነው። ክሪኩ ቀስ ተብሎ የሚነሣው አሮጌው ቋሚ ከክብደት እስኪላቀቅ ብቻ ነው፤ ይህም ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ማንሣት ሌሎቹን መጋጠሚያዎች ይነቅላል። አንድ ቋሚ ሙሉ በሙሉ ታስሮ ሳያልቅ ወደ ሌላው መሄድ አይፈቀድም፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ አካል ሥር መግባትም እንዲሁ። አዲሱ ቋሚ አርማታው ላይ በቀጥታ አያርፍም፤ በመካከላቸው እንጨቱን ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ የሚይዝ የብረት እግር ይገባል። አርማታ ከሥር ያለውን እርጥበት ወደ ላይ ስለሚስብ፣ ይህ ትንሽ ክፍተት የቋሚውን ዕድሜ የሚወስን ነው።

በተሸካሚዎቹ ላይ የሚታየው የተለመደ ጉዳት የላይኛው ጠርዝ መበስበስ ነው። ጉዳቱ ከአንድ ሴንቲሜትር ያልዘለቀ ከሆነ ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ በመሮ ፍቆ፣ አድርቆና የመበስበስ መከላከያ ቀብቶ መተው ይቻላል። ከዚያ የጠለቀ ከሆነ ጎኑ ላይ ተመሳሳይ ቁመት ያለው አዲስ እንጨት ይለጠፍለታል። አዲሱ እንጨት ከጉዳቱ በሁለቱም በኩል ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር መዝለቅ አለበት፤ እኔ ግን ሲቻል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ እንዲሆንና ሁለቱም ጫፎቹ በአግዳሚ ላይ እንዲያርፉ እመርጣለሁ። ከአሮጌው ጋር የሚያያዘው ከላይና ከታች እየተፈራረቁ በየ30 ወይም 40 ሴንቲሜትር በሚገቡ ብሎኖች ወይም ለዚሁ በተሠሩ ወፍራም ቪቴዎች ነው። ጫፉ በብረት መያዣ የሚታሰር ከሆነ ለመያዣው የተመደበው ሚስማር በሁሉም ቀዳዳዎች መግባት አለበት፤ ለጂብሰም ሥራ የሚውል ቀጭን ጥቁር ቪቴ ክብደት ሲጫነው በድንገት ስለሚሰበር እዚህ ቦታ የለውም።

ሁለት እንጨቶች ጎን ለጎን ሲጣበቁ በመካከላቸው ስስ ስንጥቅ ይቀራል፤ ውሃ ገብቶ ለመድረቅ የሚቸገርበት ቦታ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ በሁሉም ተሸካሚዎች አናት ላይ፣ በተለይ በተለጠፉት ላይ፣ ቪቴ ሲያልፍበት ቀዳዳውን አጥብቆ የሚይዝ የቡቲል ጎማ ቴፕ መለጠፍን ሳልመክር አላልፍም። ርካሽና ፈጣን ሥራ ነው፣ ጣውላው ከተመለሰ በኋላ ግን ሊሠራ አይችልም። አዲስ በተቆረጠ በእያንዳንዱ የእንጨት ጫፍ ላይም መከላከያ መቀባት ያስፈልጋል፤ የተነከረ እንጨት መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ እስከ መሐሉ ስለማይደርስ ሲቆረጥ ያልተነከረው ክፍል ይጋለጣል።

ጣውላው

ጣውላዎቹ ሲነሡ እያንዳንዱን ቁጥር ሰጥቶ ሥሩን ማየት ተገቢ ነው። ፀሐይ ያልነካው የታችኛው ገጽ ብዙ ጊዜ ከላይኛው እጅግ የተሻለ ስለሚሆን፣ ጫፉና የሚስማር ቀዳዳዎቹ ጤነኛ የሆኑ ጣውላዎችን ገልብጦ መጠቀም ይቻላል። ለመንቀል ሲባል ከመሐል በኃይል መፈንቀል ጣውላውን ይሰነጥቀዋል፤ መንቀያውን ከሚስማሩ አጠገብ አስገብቶ በየተሸካሚው ጥቂት ጥቂት እያነሡ መሄድ ይሻላል። ከመንቀያው ሥር የሚደረግ ቁራጭ ጣውላ ተሸካሚውን ከመጎዳት ያድነዋል።

ብቅ ያለን ሚስማር በመዶሻ መልሶ መምታት ጥገና አይደለም። እንጨቱ በረጠበና በደረቀ ቁጥር እያበጠና እየሟሸሸ ቀዳዳውን ስላሰፋው ሚስማሩ ተመልሶ መውጣቱ አይቀርም። ነቅሎ ማውጣትና በቦታው ከሚስማሩ ወፈርና ዘለግ ያለ ቪቴ ማስገባት ዘላቂ ነው። ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጣውላ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቪቴ ተስማሚ ነው። ቪቴው የማይዝግ ብረት ወይም በቀለጠ ዚንክ የተለበጠ መሆን አለበት፤ በባሕር ዳርቻ አካባቢ ጨዋማው አየር ሌላውን ሁሉ ስለሚበላው ቁጥሩ 316 የሆነውን የማይዝግ ብረት መፈለግ ይገባል።

በእያንዳንዱ ተሸካሚ ላይ ሁለት ቪቴ፣ ከጣውላው ጠርዝ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ገባ ብሎ ይታሰራል፤ በጫፍ አካባቢ ከመታሰሩ በፊት በድሪል ካልተበሳ ጣውላው ይሰነጠቃል። የቪቴው ራስ ከጣውላው ገጽ ጋር እኩል ሲሆን መቆም አለበት። በኃይል ጠልቆ ከገባ በላዩ የሚቀረው ጉድጓድ በዘነበ ቁጥር ውሃ የሚያቁር ጽዋ ይሆናል፤ ስለዚህ የድሪሉን ጉልበት ዝቅ አድርጎ መጀመርና የመጨረሻውን ዙር በእጅ መጨረስ ይሻላል። ሁለት ጣውላዎች ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙት ተሸካሚ ላይ ብቻ ሲሆን፣ በአጠገብ ያሉት መስመሮች መጋጠሚያ በዚያው ተሸካሚ ላይ እንዳይውል ይፈራረቃል።

በጣውላዎች መካከል የሚቀረው ክፍተት ለደረቀ እንጨት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወፍራም ሚስማር በመካከላቸው እያስገቡ መለካት ይቻላል። አዲስ ተነክሮ ገና ውሃ ያልለቀቀ ጣውላ ግን ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ ተጠጋግቶ ይሠራል፤ ክፍተቱን ራሱ ይፈጥረዋል። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከመሐል እስከ መሐል 40 ሴንቲሜትር በተራራቁ ተሸካሚዎች ላይ በቂ ጥንካሬ አለው። ጣውላውን በሰያፍ መደርደር ያማረው ሰው ግን ርቀቱን ወደ 30 ሴንቲሜትር ማጥበብ አለበት፤ በሰያፍ ሲሄድ በሁለት ተሸካሚዎች መካከል የሚንጠለጠለው ርዝመት ይጨምራልና።

መደገፊያና ደረጃ

የመደገፊያ ቋሚዎች በቪቴ ብቻ ሳይሆን ከጠርዙ ተሸካሚ ጋር እያንዳንዳቸው በሁለት ብሎን መታሰር አለባቸው። የመደገፊያው ቁመት በየአገሩ ደንብ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ከ90 ሴንቲሜትር እስከ 1.1 ሜትር ነው። በመካከል በሚደረጉት ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር ካልበለጠ የሕፃን ጭንቅላት አያልፍበትም። ደረጃ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ የእርከኖቹ ከፍታ እኩልነት ነው፤ እግር የመጀመሪያውን እርከን ከለካ በኋላ የሚቀጥሉትን ሳያይ ስለሚረግጥ፣ በመካከላቸው ከአንድ ሴንቲሜትር የበለጠ ልዩነት ሰው ይጥላል። አዲስ ጣውላ በወለሉ ላይ ተጨምሮ ከፍታው ከተለወጠ የላይኛው እርከን እንደገና መለካት አለበት።

ማጠብና ማለስለስ

ከመታጠቡ በፊት በጣውላዎች መካከል የታጨቀው ቅጠልና አፈር በቀጭን ቢላዋ ተጠርጎ ይወጣል። ለማጠቢያ የምመርጠው ሶዲየም ፐርካርቦኔት የተባለውን፣ በውሃ ሲበጠበጥ ኦክሲጅን የሚለቅ ዱቄት ነው፤ ሻጋታውንና ግራጫውን ሽፋን ያነሣል፣ እንጨቱንም ብዙ አይጎዳም። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ተበጥብጦ ይረጫል፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ሳይደርቅ ይቆያል፣ ከዚያ በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ በቃጫው አቅጣጫ ተፈትጎ በብዙ ውሃ ይታጠባል። የሽቦ ብሩሽ መጠቀም አይገባም፤ ተሰብሮ የሚቀረው የብረት ብናኝ ዝጎ ጥቁር ነጠብጣብ ይፈጥራል። ክሎሪን ያለበት በረኪና የእንጨቱን ቃጫ ያዳክማል፣ ሚስማሩንም ያዝጋል፤ ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። በሚስማር ዙሪያ የሚታየው ጥቁር እድፍ የሚለቀው ኦክሳሊክ አሲድ ባለበት የእንጨት ማንጫ ነው፤ በጓንትና በመነጽር ተጠንቅቆ መጠቀም፣ በዙሪያው ያሉትን ተክሎችም አስቀድሞና በኋላ በውሃ ማራስ ያስፈልጋል።

በግፊት የሚያጥብ ማሽን ሥራውን ያፈጥናል፣ እንጨትንም በቀላሉ ያበላሻል። የግድ ከተፈለገ ለጥድና ለመሰሉት ለስላሳ እንጨቶች ግፊቱ ከ40 ባር ብዙ ሳያልፍ፣ ውሃውን እንደ ማራገቢያ በሚዘረጋው አፍ፣ ከ30 ሴንቲሜትር ያላነሰ ርቀት ተጠብቆ፣ በአንድ ቦታ ሳይቆም በቃጫው አቅጣጫ ይጠረጋል። ውሃው ያለፈበት ቦታ ፀጉር የበቀለበት መስሎ ከታየ ግፊቱ በዝቷል።

እንጨቱ ከታጠበ በኋላ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ፀሐያማ ቀን መድረቅ አለበት። ከማለስለሱ በፊት የቀሩት ሚስማሮች ሁሉ ከገጹ በታች ይሰምጣሉ፤ ካልሆነ የማለስለሻውን ወረቀት በየደቂቃው ይቀድዳሉ። ቁጥር 60 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በቁጥር 80 ይጠናቀቃል። ከዚያ በላይ ማለስለስ ለቤት ዕቃ እንጂ ለበረንዳ አይሆንም፤ ገጹ እጅግ ሲለሰልስ ቅባቱ ወደ ውስጥ አይገባም። እጅ የሚያርፍበት የመደገፊያው አናት ብቻ እስከ ቁጥር 120 ሊደርስ ይችላል። አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ሳይሆን በመጥረጊያና በቫኪዩም ይነሣል።

ቅባቱ

ለበረንዳ ወለል ቫርኒሽን ወይም ወፍራም ቀለምን አልመክርም። ሁለቱም በገጹ ላይ ሽፋን ይሠራሉ፤ እንጨቱ ከሥር ሲያብጥና ሲሟሽሽ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ይታገታል፣ ከዚያ መላጥ ይጀምራል፤ ቀጣዩ እድሳትም ሙሉውን ሽፋን መፋቅ ይሆናል። ወደ ውስጥ የሚሰርግ፣ ጥቂት ቀለም የተቀላቀለበት የእንጨት ዘይት እያደር ይደበዝዛል እንጂ አይላጥም፤ ሲደበዝዝም ታጥቦ በላዩ መድገም ይቻላል። ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ዘይት ውሃን ይመልሳል፣ ከፀሐይ ግን ብዙም አይከላከልም፤ እንጨቱን ከፀሐይ የሚጋርደው የቀለሙ ብናኝ ነው።

እንጨቱ ለመቀባት መድረሱ የሚታወቀው ውሃ ጠብ በማድረግ ነው። ጠብታው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሠረገ ደርቋል፤ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቀረ ወይ እርጥብ ነው ወይ አሮጌ ቅባት አለበት። አዲስ የተነከረ ጣውላ ይህን ፈተና ለማለፍ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ሊወስድበት ስለሚችል፣ አሮጌው ዛሬ ተቀብቶ አዲሱ እስኪደርስ ቢቆይ ጉዳት የለውም። የአየሩ ሙቀት ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ቀናትም ዝናብ የሌለባቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ሰዓት መቀባት አይገባም፤ የጋለ ጣውላ ላይ ዘይቱ ሳይሰርግ ከላይ ይደርቃል።

ቆርቆሮው በደንብ ይማሰላል፤ ብዙ ቆርቆሮ ካለ መልኩ እንዳይለያይ በአንድ ባልዲ ይደባለቃል። ከመደገፊያው ተጀምሮ ወደ ወለሉ ይወረዳል፣ በወለሉ ላይም ከቤቱ ጥግ ወደ መውጫው ይኬዳል። በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይቀባል፤ መሐል ላይ ከቆመ የደረቀው ጠርዝ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሮለር ዘይቱን ለማዳረስ ይጠቅማል፣ ወደ ቃጫው የሚያስገባው ግን ብሩሽ ስለሆነ ከሮለሩ ኋላ ብሩሽ መከተል አለበት። የጣውላው ጫፍ ከገጹ ይልቅ ብዙ እጥፍ ውሃ ስለሚጠጣ እስኪጠግብ ደጋግሞ መቀባት ያስፈልጋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ያልሰረገ ዘይት በጨርቅ ይጠረጋል፤ ሳይጠረግ የቀረው እየተጣበቀ ለረጅም ጊዜ ያስቸግራል።

ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያመነጫል፣ በክምሩ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨርቅ ውጭ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ፣ ተዘርግቶ እስኪደርቅ ይተዋል፤ ወይም ውሃ በተሞላ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል። ይህን በሥራው መጨረሻ፣ ሰውነት ደክሞ ባለበት ሰዓት መዘንጋት ቀላል ነው፤ ዕቃውን ቅባቱ ከመከፈቱ በፊት አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከእድሳቱ በኋላ

በረንዳው ላይ ከአንድ ቀን በኋላ መራመድ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ከባድ ዕቃ መመለስ ይቻላል። የአበባ ማሰሮዎች ሥራቸው ነፋስ እንዲያገኝ በትናንሽ እግሮች ላይ ይቀመጣሉ። ከበረንዳው ሥር ያለው መሬት ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ እንዲሆን ይደለደላል፤ ዙሪያው መሸፈን ካስፈለገም አየር በሚያሳልፍ ርብራብ እንጂ በድፍን ጣውላ አይዘጋም። ከዓመት አንድ ጊዜ ብሎኖቹ በመፍቻ ተፈትሸው የላላው ይጠብቃል፣ በጣውላዎች መካከል ያለው ቅጠል ይጸዳል፣ የውሃ ጠብታው ፈተናም ብዙ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይና በደረጃው ላይ ይደገማል። ጠብታው መሥረግ በጀመረበት ዓመት ወለሉ ታጥቦና ደርቆ አንድ እጅ ቅባት ይጨመርለታል፤ ለዚህም የተረፈው ዘይት ክዳኑ ተጠብቆ፣ የቀለሙ ቁጥርና የተቀባበት ቀን በላዩ ተጽፎ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል።